ግድግዳው ፈረሰ፤ ሰዉስ ተገናኘ?

ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የመጣ ሰሞን ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዶሻ ገብቶበት ነበር። ስለ ለውጡ ሥልጠና በሥልጠና ላይ ሲደረብ፣ ሠራተኛው ለውጡን መጀመሪያ ያየው በግድግዳው ላይ ነው። በጠባብ ክፍል ሁለትና ሦስት ሆነው ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተደረደሩ። በመካከላቸው ደረት የሚደርስ ፓርቲሽን ቆመ፤ በየጠረጴዛውም ስምና የሥራ መደብ የተጻፈበት ምልክት ተቀመጠ። ባለጉዳይ በር ከማንኳኳት ይገላገላል፣ ሠራተኛውም ቀና ብሎ ባልደረባውን ጠይቆ ነገሩን እዚያው ይጨርሳል የሚል ነበር ተስፋው።

ሰነባብቶ በፓርቲሽኑ አናት ላይ የፋይል ካርቶን ተደራረበ። ጀርባዋን ለግድግዳ የሰጠችው የጥግ ጠረጴዛ ሁሉም የሚሻማባት ሆነች። የግል ስልክ የመጣለት ሰው ወደ ደረጃው መውጣት ለመደ። ሒሳብ የሚያስታርቀው ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰካ። የመምሪያው ኃላፊ ደግሞ በቆዳ የተለበጠ በሩን፣ ሶፋውንና ጸሐፊውን እንደያዘ እዚያው ቀረ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት የሥራ ክፍሎችም በመዝገብ ቤት በኩል ደብዳቤ መጻጻፋቸውን አልተዉም።

ይህን ሁሉ በሠራተኛው ስንፍና ማሳበብ ይቀላል። ጥፋቱ ግን ያለው ከመነሻው ነው። ግድግዳ ከተነሣ ሰው ይነጋገራል የሚለው ሐሳብ በብዙ ቦታ እንደ እውነት ተወስዶ በገንዘብ የሚተገበር እንጂ ተፈትኖ ያለፈ አይደለም። በተፈተነበት ቦታ ደግሞ ወድቋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። የአሜሪካ ግዙፍ ኩባንያዎች የሆኑ ሁለት ድርጅቶች በዋና መሥሪያ ቤታቸው ግድግዳና ፓርቲሽን አንሥተው ሠራተኛውን ወደ ክፍት ቢሮ ሊያዛውሩ ነበርና ተመራማሪዎቹ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞች አንገታቸው ላይ ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደተገናኘና ለምን ያህል ጊዜ እንዳወራ የሚመዘግብ መሣሪያ አንጠለጠሉ። ከመዛወሩ በፊትና በኋላ ያለው ተነጻጸረ። ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ ጨመረ ሊባል ቀርቶ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በመጀመሪያው ኩባንያ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚላላኩት ኢሜይል 56 በመቶ አደገ። አጠገባቸው ያለውን ሰው ዞር ብሎ ከማናገር ይልቅ መጻፍን መረጡ ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። አንድ ነገር ያልገባው ባለሙያ ባልደረባውን ሲጠይቅ ሠላሳ ሰው የሚሰማው ከሆነ አይጠይቅም። ሁለት ሰዎች በረቂቅ ውል ላይ ሲከራከሩ አዳራሹ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያያቸው ከሆነ ክርክሩን ያሳጥሩታል። የሚታይ ሰው ሥራ የበዛበት መምሰል ይፈልጋል፤ ሥራ የበዛበት የሚመስለውን ሰው ደግሞ ማንም አያስቸግርም። የሲሚንቶው ግድግዳ ሲፈርስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግድግዳ በኢርፎንና በስክሪን ይገነባል።

ክፍት ቢሮን ያሰቡት ሰዎች ይህን አልፈለጉም ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ኤበርሃርድና ቮልፍጋንግ ሽኔለ የተባሉ ወንድማማቾች የአለቃና የበታች ረድፍ የሌለበት፣ ጠረጴዛዎች በሥራ ግንኙነት ተሰባስበው በዕፅዋት የሚከለሉበት ቢሮ ነደፉ። አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮፕስት ደግሞ ለኸርማን ሚለር የቤት ዕቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ከዚያም ተሻሽሎ በ1968 «አክሽን ኦፊስ» የተባለውን የቢሮ ዕቃ አዘጋጀ። የእርሱ ከለላዎች ሰፋ ብለው የሚከፈቱ፣ ሠራተኛው እንደ ሥራው ጠባይ የሚያዛውራቸው ነበሩ። ገዢዎቹ ግን አካፋይ ሰሌዳዎቹን በአራት ማዕዘን ገጥመው በአንድ ወለል ላይ ብዙ ሰው ማጎሪያ አደረጓቸው። ፕሮፕስት በስተርጅናው በስሙ የተሠራውን ሲያይ አምርሮ ያወግዝ ነበር።

በሁለቱም ታሪክ ሐሳቡን የጠለፈው የካሬ ሜትር ሒሳብ ነው። ግድግዳ የሌለው ወለል ብዙ ወንበር ይይዛል፤ የኪራይ ወጪው በነፍስ ወከፍ ያንሳል። ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ገንዘብ የሌለው ድርጅት ገንዘብ የለኝም ቢል ማንም አይፈርድበትም። ነውሩ ቁጠባውን «ትብብር» ብሎ ለሠራተኛ መንገር ነው።

ሐሳቡን እስከ ጥግ የገፋው ጄይ ቻያት የተባለው የማስታወቂያ ሰው ነበር። ቻያት ዴይ የተባለው ድርጅቱ የአፕልን የ1984 ዝነኛ ማስታወቂያ የሠራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቻያት በሎስ አንጀለስ ቢሮው ማንም የራሱ ጠረጴዛ እንዳይኖረው ወሰነ። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ከባንኮኒ ላይ ስልክና ላፕቶፕ ይረከባል፤ ክፍት ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ማታ ዕቃውን ይመልሳል። ዕቃው ለሁሉም አልበቃም። ቅርብ የሚኖሩት ማልደው መጥተው እየያዙ ይደብቁት ጀመር። ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ያጣው ሰው የመኪናውን የዕቃ መጫኛ ቢሮ አደረገው። አለቃ የበታቹን፣ ባልደረባ ባልደረባውን ፍለጋ በየወለሉ ዞረ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ ተመለሰለት።

ታዲያ ሰውን የሚያገናኘው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ቅርበት ነው። ቶማስ አለን የተባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ የኤምአይቲ፣ ምሁር በምርምር ተቋማት ውስጥ መሐንዲሶች ስለ ሥራቸው ከማን ጋር፣ በየስንት ጊዜው እንደሚነጋገሩ ለዓመታት መዝግቦ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1977 በመጽሐፍ አወጣ። በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር የመነጋገሩ ዕድል በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ከ50 ሜትር በኋላ እዚያው ሕንፃ ውስጥ መሆንና ሌላ ከተማ መሆን ልዩነታቸው እምብዛም ነው። ሃምሳ ሜትር የኳስ ሜዳ ግማሽ መሆኑ ነው። ፎቅ ሲለያይ ደግሞ ይብሳል። አለን ከጀርመናዊው አርክቴክት ጉንተር ሄን ጋር በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ስልክና ኢሜይል ቅርበትን እንደማይተኩ አመለከተ፤ ሰው የሚደውለውም ሆነ የሚጽፈው አዘውትሮ ለሚያገኘው ሰው ነውና።

ሁለተኛው ነገር ምክንያት ነው። ሰው «ተገናኝ» ስለተባለ አይገናኝም፤ ወደ አንድ ቦታ የሚወስደው ጉዳይ ሊኖረው ይገባል። በኒው ጀርሲ መሪ ሂል የሚገኘው የቤል ላብራቶሪዎች ሕንፃ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት ኮሪደሮቹ ሆን ተብሎ ረጃጅም ተደርገው ነበር። ብዙ ተመራማሪ ቢሮው በአንደኛው ኮሪደር፣ ላብራቶሪው በሌላው ነው። ስለዚህ በቀን ውስጥ ደጋግሞ መመላለስ ግድ ይለዋል፤ በመንገዱ ላይ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የብረታ ብረት ሰዎች ያጋጥሙታል። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈጠረው በዚያ ሕንፃ ነው። የሕንፃው ክፍሎች በር እንደነበራቸውም ልብ ይሏል።

የኤምአይቲው ሕንፃ 20 ታሪክ ከዚህም ይበልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1943፣ ለራዳር ምርምር በጥድፊያ የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ነበር። ብረት ለጦር ግንባር ስለሚፈለግ ምሰሶው ሁሉ እንጨት ነው። በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይበርዳል፣ ወለሉ ይንቋቋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ይፈርሳል ተብሎ 55 ዓመት ቆመ።

ማንም ስለማይሳሳለት ሁሉም እንዳሻው አደረገው። ሽቦ ለማሳለፍ የፈለገ ግድግዳውን ይበሳዋል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የአቶሚክ ሰዓት ይሠራ የነበረው ጄሮልድ ዘካርያስ መሣሪያው ቁመቱ አልበቃ ቢለው ወለል አስነሥቶ ወደ ላይ ቀጠለው። ቦታ ያጣ የትምህርት ክፍል ሁሉ እዚያ ይጣላል። በዚህ ዓይነት የቋንቋ ሊቃውንቱ ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃለ ከኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች፣ ከድምፅ ተመራማሪዎችና የአሻንጉሊት ባቡር ከሚገጣጥሙ ተማሪዎች ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ወደቁ። የክፍሎቹ ቁጥር የተዘበራረቀ ስለነበር መንገድ የሚስት ሰው ብዙ ነበር፤ መንገድ የሳተ ደግሞ የሌላውን በር ያንኳኳል። የዘመናዊው የቋንቋ ሳይንስ ትልቅ ክፍል ከዚያ የወጣ ነው። ይህም ሕንፃ አዳራሽ አልነበረም። ትንንሽ ክፍሎች፣ በሮችና ኮሪደሮች ነበሩት።

ሕንፃ 20 እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረሰ። በቦታው ዝነኛው አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፣ ግድግዳዎቹ የሚያዘነብሉ የሚመስሉት ስታታ ማዕከል በ2004 ተከፈተ፤ ብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ኤምአይቲ ሕንፃው ያፈሳል፣ ይሰነጠቃል ብሎ አርክቴክቱንና ተቋራጩን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ስታታ እንግዳ የሚጎበኘው ሥራ ነው፤ ሽቦ ለማሳለፍ በመዶሻ የሚበሱት ግን አይደለም። ለሠራተኛ የሚመች ቢሮ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው እጁን የሚያሳርፍበት ነው። ለፎቶ የተሠራ ቢሮ ይህን አይፈቅድም።

እነዚህን ትምህርቶች አውቆ የተሠራ ሕንፃ ለማየት የፈለገ ጀርመን ላይፕሲግ ይሂድ። ዛሃ ሃዲድ ለቢኤምደብሊው ፋብሪካ የነደፈችውና እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረቀው ማዕከላዊ ሕንፃ ቦዲ የሚበየድበትን፣ ቀለም የሚቀባበትንና መኪናው የሚገጣጠምበትን ሦስት አዳራሾች ያገናኛል። በሌላ ፋብሪካ ቢሮው ለብቻው፣ ምርቱ ለብቻው ነው። እዚህ ግን ያላለቁት የመኪና ቦዲዎች በሰማያዊ መብራት ታጅበው፣ ኮምፒውተር ላይ በተቀመጡት ሠራተኞች አናት ላይ በዝግታ በማጓጓዣ ያልፋሉ። ምሳ ቤቱም በዚያው መስመር ላይ ነው። መሐንዲሱም በያጁም አስተዳዳሪውም በአንድ በር ይገባሉ። ማጓጓዣው ከቆመ ሪፖርት እስኪጻፍ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። ሰዎቹን የሚያነጋግራቸው የጋራ ሥራቸው ከፊታቸው መሆኑ ነው።

በመንገድ ማገናኘትም ልክ አለው። ስቲቭ ጆብስ በካሊፎርኒያ ኤመሪቪል የፒክሳርን ስቱዲዮ ሲያሠራ ካፍቴሪያውን፣ የደብዳቤ ሣጥኑንና የስብሰባ ክፍሎቹን በመሐል አዳራሽ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ይህ ሳይበቃው መጸዳጃ ቤቱም በዚያ ብቻ ይሁን አለ፤ ሁሉም ሰው በቀን ውስጥ ቢያንስ አንዴ በመሐል አዳራሹ እንዲያልፍ። ሠራተኛው በጅ አላለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባቸው ያን ሁሉ መንገድ ለመጸዳጃ መሄድ የለብኝም ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ በሁለቱም ፎቅ በአዳራሹ ግራና ቀኝ መጸዳጃ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የተከፈተው ያ አዳራሽ እስከ ዛሬ ይሠራል። አኒሜተሮቹ ግን እንደየፍላጎታቸው ጎጆ ወይም ግንብ አስመስለው በሠሯቸው የየራሳቸው ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ነው የሚስሉት። መሐል አዳራሹ የሚያገለግለው የሚመለሱበት ጥግ ስላላቸው ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክ ሕንፃዎች ሽቅብ እየተሽቀዳደሙ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻ 209 ሜትር ይረዝማል። በየከተማው ሠርተው የሚያከራዩ ድርጅቶችም ፎቅ መደረብን ነው የመረጡት። ከተማ ውስጥ መሬት ውድ ስለሆነ ወደ ላይ መሄዱ አይነቀፍም። ግን ፎቅ ማለት፣ የአለንን ግኝት ለሚያስታውስ ሰው፣ መለያየት ነው። ብድር የሚያጸድቀው 14ኛ፣ ሕግ የሚመረምረው 22ኛ፣ ሰነዱን የሚቀበለው ምድር ቤት ከሆነ ሦስቱ የሚገናኙት ሊፍት ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ሁሉም ቁጥሩን እያየ ዝም ይላል።

ከሕንፃው በር አጠገብ ግን ሌላ ቢሮ አለ። አርክቴክት አልነደፈውም። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ጀበናዋ ከሰል ላይ ተጥዳለች፤ ዙሪያዋን አጫጭር በርጩማዎች ተደርድረዋል። ከገንዘብ ያዥ እስከ ሾፌር፣ ከጥበቃ እስከ መሐንዲስ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጣሉ። «ያ ደብዳቤ ምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ይመለሳል። «እሱ እኮ እኛ ጋ ነው ያለው፣ አንድ ፊርማ ጎድሎት ነው» ይላል ከወዲያ ያለው፤ ቶናው ሳያልቅ ጉዳዩ መፍትሔ ያገኛል። ቅርብ ነው፣ ምክንያት አለው፣ ሲያበቃ ተነሥተው የሚመለሱበት ቦታ አላቸው። ብዙ ሚሊዮን ብር የወጣበት ሕንፃ ውስጡ ያላገኘውን ነገር በሩ ላይ አገኘው።

ችግሩ ብዙ አለቃ ይህን እንደ ሥራ አለመቁጠሩ ነው። ወንበሩ ላይ ያለው እየሠራ ነው፣ ቡና ላይ ያለው ሥራ ፈቷል ይባላል። የቤል ላብራቶሪዎች የፓተንት ጠበቆች ግን አንዳንድ ተመራማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ፈጠራ የሚያስመዘግቡት ለምንድን ነው ብለው አንድ ጊዜ መረመሩ። ያገኙት የጋራ ነገር ሰዎቹ ሃሪ ናይኲስት ከተባለ መሐንዲስ ጋር ቁርስ ወይም ምሳ የመብላት ልማድ እንደነበራቸው ነው። ናይኲስት ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነበር። በሰዓት መቆጣጠሪያ ቢለካ ያ ምሳ ከሥራ የጎደለ ሰዓት ነው።

መራራቅ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን በሀገር ውስጥም እየታየ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ የመንግሥት ተቋማትን አገልግሎት አንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ባለጉዳይ ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከሚኒስቴር ሚኒስቴር ይንከራተትበት የነበረውን መንገድ የሚያሳጥር ሐሳብ ነው። ለባለጉዳይ የታሰበው ይህ ነገር ለሠራተኛው ያልታሰበበት ምክንያት የለም። መሥሪያ ቤቶች በየራሳቸው ሕንፃ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንዳለበት ቢጠይቁ የሚጉላላውም ፋይል መንገዱ ያጥርለታል።

የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። አዲስ ሕንፃ ከመነደፉ በፊት አንድ ወር ፋይል ከየት ወደ የት እንደሚሄድ መከታተል በቂ ነው፤ አዘውትረው የሚፈላለጉት ክፍሎች በአንድ ወለል፣ ካልሆነም በተከታታይ ፎቅ ይቀመጡ። በሁለት ወይም በሦስት ፎቆች መካከል ብርሃን የሚያገኝ፣ ሰው ሊቆምበት የሚችል ሰፊ ደረጃ ይሠራ፤ ለእሳት አደጋ ተብሎ ከኋላ የተደበቀው ጨለማ ደረጃ ማንንም አያገናኝም። የሠራተኞች ክበብ ወደ ምድር ቤት ከመወርወር ይልቅ በመንገድ መሐል ይሁን፤ ጀበናዋም ከበር ውጭ ተባርራ ከምትቀመጥ ውስጥ ቦታ ይሰጣት። ክፍት አዳራሽ የግድ ከሆነ ደግሞ ስልክ የሚወራባቸው፣ ሁለት ሰው ተሟግቶ የሚወጣባቸው፣ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ዘግቶ የሚጽፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች አብረው ይሠሩ። የእብነ በረድ ወለልና የመስታወት ግድግዳ ድምፅን እንደሚያስተጋቡ የሚረሳ ንድፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ተሸንፏል።

አለቃውም ይምጣ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሜንሎ ፓርክ ውስጥ 2,800 ያህል ሰው በአንድ ክፍል የሚይዘውን ግዙፍ ቢሮ ሲከፍት ማርክ ዙከርበርግ የተቀመጠው እንደማንኛውም ሠራተኛ በተራ ጠረጴዛ ነው። ያን ያህል ሰው አንድ ክፍል ማስገባቱ ያከራክራል፤ የእርሱ መቀመጥ ግን አያከራክርም። ክፍት ቢሮ ለሠራተኛው ጥሩ ነው ብሎ የፈረመ ኃላፊ በቆዳ የተለበጠውን በር ለራሱ ካስቀረ፣ በውሳኔው እንዳላመነ ሠራተኛው ወዲያው ይረዳል።

ዛሬ የሕንፃ ኮሚቴ ያቋቋመ ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም መሥሪያ ቤት ሁሉ ለዲዛይን ውድድር በሚያወጣው ሰነድ ላይ የፎቁን ብዛትና የመስታወቱን ቀለም ይዘረዝራል። በዚያው ሰነድ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ የትኛው የሥራ ክፍል በቀን ስንት ጊዜ የትኛውን ይፈልጋል? ብቻውን ማሰብ የሚፈልግ ሠራተኛስ የት ይገባል? ለእነዚህ መልስ ያላቀረበ ንድፍ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከውድድሩ ይውጣ።